ለራሱ ዋስ የቆመ ሰርቨር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ሥር፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ተጋድሟል። ክዳኑ ተዘግቷል፤ ማራገቢያው ግን ይንሾካሾካል። አንድ ቴራ ባይት የሚይዝ ሀርድ ዲስክ በአጭር ገመድ ተሰክቶበታል። ዲስኩ ውስጥ የእህቴ ሰርግ፣ የአባቴ ተዝካር፣ የእማዬ የማኅበር ፎቶዎች አሉ። የቤታችን ሰርቨር ይህ ነው። መብራት ሲጠፋ የገዛ ባትሪው ያቆየዋል፤ እንደኛ ላለ ቤት ከአሮጌ ላፕቶፕ የተሻለ ሰርቨር የለም የምለውም ለዚህ ነው።

እማዬ ስልኳን ይዛ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የላክሁላትን አድራሻ ነካች። ፎቶው አልመጣም፤ ቀይ ምልክት ያለበት ገጽ መጣ። ግንኙነትዎ የግል አይደለም፣ መረጃዎን ሊሰርቁ የሚሞክሩ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ ይላል።

«ይሄ ነገር ሌባ አለ ይላል» አለችኝ መነጽሯን ከፍ አድርጋ።

«የለም እማ፣ የራሳችን ነው። ከታች በትንሹ የተጻፈችውን ንኪያት፣ ከዚያ ቀጥል በይው።»

«ሌባ አለ እያለኝ ልግባ?»

«ግቢ ግቢ። ዝም ብለሽ እለፊው።»

አለፈችው። ፎቶዎቹ መጡ፤ እልልታ ቀረሽ ደስታ ሆነ። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ሁለት ወር ሳይሞላ እማዬ ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች። ወረፋ ላይ የነበሩት ሁሉ ቅጹን በኢንተርኔት ሙሉ ተባሉ። በግቢው ነጻ ዋይፋይ ገባችና አድራሻውን ስትከፍት ያው ቀይ ገጽ መጣ። አላመነታችም። እንዳስተማርኳት ከታች ያለችውን ነክታ አለፈች፤ ስሟን፣ የልደት ቀኗን፣ የፓስፖርት ቁጥሯን ሞላች። ማታ እራት ላይ ይህን እንደ ዋዛ ስታወራ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

«ቀዩ ገጽ መጥቶብሽ ሞላሽው?»

«አንተው አይደለህ እንዴ ዝም ብለሽ እለፊው ያልከኝ?»

ኮምፒውተሬን ከፍቼ አየሁ። የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ሰርተፊኬት ጊዜው ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። የሚያድሰው ሰው ረስቶት ነው፤ ሌባ አልነበረም። እማዬ ግን ይህን የምታውቅበት ምንም መንገድ አልነበራትም። ሌባ ቢሆንም የሚመጣላት ያው ገጽ ነው፤ እሷም ያንኑ ታደርግ ነበር። እድሜ ልኳን ያካበተችውን ጥርጣሬ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አስጣልኳት።

ቤቱ ውስጥ ትንሽ ሰርቨር ያቆመ ሰው ሁሉ ይህን ገጽ ያውቀዋል። የደኅንነት ካሜራ መቅጃ የገዛም፣ የራውተሩን ቅንብር ሊያስተካክል የገባም አንድ ቀን ተጋፍጦታል። አብዛኛው ሰው እንደኔ ይረግምና ያልፈዋል። ገጹ ምን እያለ እንደሆነ ለመረዳት ግን ዕቁብ ማወቅ ይበቃል።

ዕቁብ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ዳኛው ባለዕድሉ ስለ ራሱ የሚናገረውን መስማት አይፈልግም። ዳኛው ራሱ የሚያውቀው ሦስተኛ ሰው መጥቶ «እኔ አለሁለት» ብሎ እንዲፈርም ነው የሚጠብቀው። የኢንተርኔት ሰርተፊኬትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ውስጡ የሰርቨሩ ስም፣ የሰርቨሩ የአደባባይ ቁልፍ (ማንም እንዲያየው የሚሰጠው)፣ የሚያገለግልበት ጊዜና የዋሱ ፊርማ አለ። ስልክና ብራውዘር ደግሞ ገና ሲሠሩ ከመቶ በላይ የታወቁ ዋሶችን ዝርዝር ይዘው ነው የሚመጡት። ሰርቨሩ ሰርተፊኬቱን ሲያቀርብ ፊርማው ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል፤ ከገጠመ ምንም ሳይባል መንገዱ ይከፈታል።

የእኔን ላፕቶፕ ሰርተፊኬት ገልጣችሁ ብታዩ «ባለቤት» የሚለው መስመርና «ሰጪ» የሚለው መስመር ላይ ያው አንድ ስም ሰፍሯል። ለራሱ ዋስ ቆሟል። ዕቁብ ዳኛ ፊት እንዲህ ብሎ የሚቀርብ ሰው መሳቂያ ነው፤ ብራውዘሩ መሳቅ ስለማይችል ቀይ ገጽ ያወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። በራሱ የተፈረመ ሰርተፊኬት ምስጠራው ደካማ ነው ይባላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ቲኤልኤስ 1.3 በሚባለው ደንብ፣ ሁለቱ ወገኖች ለእያንዳንዱ ግንኙነት አዲስ የሚስጥር ቁልፍ እዚያው ይፈጥራሉ፤ የሰርተፊኬቱ ቁልፍ ሥራ ፊርማ ማኖር ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔ ስንጥቅ ላፕቶፕና ሚሊዮኖች የወጡበት የባንክ ሰርቨር በምስጠራ ጥንካሬ አይበላለጡም። መሃል ላይ የሚያዳምጥ ሰው ከሁለቱም የሚያገኘው ትርጉም የለሽ ቁጥር ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ማንም ሳይሰማህ ከአንድ ሰው ጋር እየተንሾካሾክህ ነው እንበል። ሰውየው ማነው?

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነንና ነገሩን በራሳችን ፎቅ ላሳይ። የዋይፋያችንን የይለፍ ቃል እኛ ብቻ ሳንሆን ሁለት ጎረቤቶች፣ የጎረቤቶቹ ልጆች፣ አንድ ቀን ቡና ሊጠጣ የመጣ እንግዳም ያውቁታል። ከነዚህ አንዱ ተንኮል ቢያምረው፣ በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም የእማዬን ስልክ «ላፕቶፑ እኔ ነኝ» ብሎ ማታለል ይችላል። ከዚያ በላፕቶፑ ስም የራሱን ሰርተፊኬት ይሠራል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ለእማዬ ቀይ ገጽ ይመጣላታል። ትናንትም መጥቶ ነበር፤ ታልፈዋለች። አሁን የእሷ ስልክ ከጎረቤቱ ጋር ተመስጥሮ ይነጋገራል፤ ጎረቤቱ ከላፕቶፑ ጋር ተመስጥሮ ይነጋገራል፤ እሱ መሃል ሆኖ የይለፍ ቃሏን በግልጽ ያነባል። በሁለቱም በኩል ምስጠራው እንከን የለውም።

ችግሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአደባባይ እየተነጋገሩ የሚስጥር ቁልፍ ሊጋሩ እንደሚችሉ ሲያሳዩ፣ የሁሉም ሰው የአደባባይ ቁልፍ እንደ ስልክ ቁጥር ማውጫ በአንድ መዝገብ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። መዝገቡን ሁልጊዜ መጠየቅ ግን አድካሚ ነው። በ1978 ሎረን ኮንፈልደር የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ በጻፈው ጽሑፍ መፍትሔ አመጣ፤ ከመዝገቡ እያንዳንዱ መስመር ተቆርጦ፣ ተፈርሞበት፣ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ እሱም ይዞት ይዙር። ሰርተፊኬት የተወለደው ያኔ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ይህን ብራውዘር ውስጥ ሲያስገባ፣ የኩባንያው ዋና ሳይንቲስት ካይሮ የተማረው ግብጻዊ ጣሂር ኤልጋማል ነበር፤ የቲኤልኤስ ቀዳሚ የሆነው የኤስኤስኤል አባት ይሉታል። የዓባይን ውሃ የጠጣ ሰው እዚህም ላይ እጁ አለበት።

ዋሶቹ ራሳቸው ግን ንጹሓን ናቸው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ክረምት ዲጂኖታር የሚባል የኔዘርላንድ ሰርተፊኬት ሰጪ ኩባንያ በሰርጎ ገቦች ተጠቃ። ሰርጎ ገቦቹ በኩባንያው ፊርማ ከ500 በላይ የሐሰት ሰርተፊኬቶች አወጡ፤ አንዱ የጉግል ስም ያለበት ነበር፤ ኢራን ውስጥ የጂሜይል ተጠቃሚዎችን ለመሰለል ዋለ። ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች የኩባንያውን ስም ከዝርዝራቸው ፋቁ። በዚያው መስከረም ዲጂኖታር ከሰረ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ዋሶች አንዱ ሲከዳ ጦሱ ለሁሉም ይተርፋል።

አሁን ወደ ላፕቶፑ ልመለስ፤ ቁም ነገሩ እዚህ ነውና። የነዚያ የታወቁ ዋሶች ሥር ሰርተፊኬት በማን የተፈረመ ይመስላችኋል? በራሱ። ከሥሩ በላይ ማንም የለም፤ ስለዚህ ሥር ሁሉ ለራሱ ዋስ ነው። የእኔን ላፕቶፕ ከነሱ የሚለየው የእነሱ ሰርተፊኬት ስልኩ ውስጥ አስቀድሞ የገባ መሆኑ ብቻ ነው። አምራቹ መርምሮ አምኗቸው በፋብሪካ ከተታቸው። እንግዲያውስ ለቤቴ አምራቹ እኔ ልሁን። የራሴን ሥር ሰርተፊኬት ሠርቼ፣ በእጄ ይዤ፣ በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ ላስገባው። ከዚያ ወዲያ ቀይ ገጽ አይመጣም፤ ከመጣም የእውነት ይሆናል።

ማውራት ቀላል ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ሰርተፊኬት የሠራሁት መብራት ጠፍቶ በመጣበት ምሽት ነበር። አስገባሁት፤ የእማዬ ስልክ «ጊዜው አልፎበታል» አለ። ገና አምስት ደቂቃ ያልሞላው ወረቀት! ጸጉሬን ስነጭ ቆይቼ የላፕቶፑን ሰዓት አየሁት። ትልቁ ባትሪ ተሟጥጦ፣ ሰዓቱን የምታቆየው ትንሿ ባትሪም ሞታ ኖሮ፣ ማሽኑ እ.ኤ.አ. ጥር 2012 ላይ ቆሟል። የአንድ ዓመት ሰርተፊኬት ስጠኝ ስለው በ2013 የሚያበቃ ወረቀት ወለደ። ሲወለድ የሞተ።

ይህን ስል አንድ የእኛ አገር ጣጣ ትዝ አለኝ። ሰርተፊኬት የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ሰዓቱም የለንደን አካባቢ ሰዓት፣ ከእኛ በሦስት ሰዓት የሚዘገይ ነው። ስልኩን በእኛ ዓመተ ምሕረት ልጠቀም ብሎ ቀኑን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው ዌብሳይቱ ሁሉ «ሰርተፊኬቱ ገና አልጀመረም» እያለ ይቆለፍበታል። ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብሎ ስልክ ሠሪ ጋ የሚሄድ አይጠፋም።

ሁለተኛው ሙከራዬ ደግሞ በስግብግብነት ተበላሸ። ሁልጊዜ ከማደስ ብዬ አሥር ዓመት ሰጠሁት። ርዝመቱን የእማዬ አንድሮይድ ተቀበለው፤ የአጎቴ ልጅ አይፎን ግን አሻፈረኝ አለ። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የሰርቨር ሰርተፊኬት ከ825 ቀን በላይ እንዳይረዝም ደንግጓል፤ ቤት ውስጥ የተሠራውንም አይምርም። ስሙን የጻፍኩበት ቦታም ስህተት ነበር። ድሮ ስም የሚሰፍርበት መስመር ሌላ ነበር፤ ክሮም ከ2017 ጀምሮ እሱን ጭራሽ አያየውም፤ «ተለዋጭ ስም» በሚባለው ክፍል ውስጥ ካልሰፈረ ስም እንደሌለው ይቆጥረዋል። የቆዩ መመሪያዎችን ይዞ የሚሠራ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ኦፕን ኤስኤስኤል ያስጨነቀው ሰው ኤምኬሰርት የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይሞክር፤ ሥሩንም ቅርንጫፉንም በሁለት ትእዛዝ ትጨርሳለች።

ሥሩን ስልክ ውስጥ መክተትም የራሱ ወግ አለው። አይፎን ላይ ካስገባችሁት በኋላ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ሙሉ እምነት ስጠው የሚለውን ማብራት አለባችሁ፤ አለበለዚያ ገብቶም እንዳልገባ ነው። አንድሮይድ ደግሞ ከሰባተኛው ዝርያ ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ ሰው በእጁ ያስገባውን ሥር ብራውዘሩ ቢያምንም አፖች እንዲያው አይቀበሉትም፤ የአፑ ሠሪ ካልፈቀደ በቀር። ፋየርፎክስ የራሱን ዝርዝር ለብቻው ይይዛል።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። በእጅ የገባ ሥር የቤታችሁን ሰርቨር ብቻ ሳይሆን የማንኛውንም ድረ ገጽ ስም ሊፈርም ይችላል፤ ባንካችሁንም፣ ኢሜይላችሁንም። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ አካባቢ ሌኖቮ በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል ማስታወቂያ አቅራቢ ፕሮግራም ጭኖ ሸጠ። ፕሮግራሙ የራሱን ሥር ሰርተፊኬት ይተክላል፤ የባሰው ግን በሁሉም ማሽኖች ላይ የፈራሚው የሚስጥር ቁልፍ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በየካቲት 2015 አንድ የደኅንነት ባለሙያ የቁልፉን ይለፍ ቃል በሰዓታት ውስጥ አወጣው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ካፌ ውስጥ ከነዚያ ላፕቶፖች ባለቤት አጠገብ የተቀመጠ ማንም ሰው ባንኩን መምሰል ይችል ነበር። በ2019 ክረምት ደግሞ የካዛክስታን የኢንተርኔት አቅራቢዎች ደንበኞቻቸውን የመንግሥትን ሥር ሰርተፊኬት ጫኑ አሏቸው፤ በነሐሴ ጉግል፣ ሞዚላና አፕል ሰርተፊኬቱን ዘጉት። ማንም ሰው፣ የሰፈር ኮምፒውተር አዋቂም ቢሆን፣ «ይህን ሰርተፊኬት ጫኑ» ሲላችሁ የቤታችሁን ቁልፍ አስቀርጹልኝ እንዳላችሁ ቁጠሩት።

ለዚህ ነው የእኔ ሥር ቁልፍ ላፕቶፑ ላይ የሌለው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ሰርጎ ገብ ቢገባበት ሌባው የሚያገኘው የዚያን ሰርቨር ቁልፍ ብቻ ነው። ሥሩ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ፍላሽ ላይ ነው ያለው፤ ሲፈረም ይወጣል፣ ተፈርሞ ሲያበቃ ይመለሳል። ሥሩ ራሱ ሲሠራ ለቤታችን ስም ብቻ እንዲፈርም ገደብ ጽፌበታለሁ፤ ደንቡ ይህን ይፈቅዳል፣ ብዙ መመሪያ ግን አይነግራችሁም። ስሙንም ከልቤ አልፈጠርኩትም፤ «ሆም ዶት አርፓ» የሚለው ቅጥያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቤት ኔትወርክ ተብሎ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ማንም ገዝቶ አይወስደውም።

የቀረችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ናት። ከውጭ የምትገባው ዋየርጋርድ በሚባል የግል መተላለፊያ ነው፤ ሥሩን ግን በእጄ ላስገባላት አልችልም። ፋይሉን በቴሌግራም ላክሁላትና ደወልኩ። እኛ ጋ ጠዋት ነው፤ እሷ ከማታ ፈረቃ ተመልሳ እግሯን ዘርግታለች።

«የሰርተፊኬቱ አሻራ የሚለውን ክፈቺና አንብቢልኝ።»

«ስንት ነው ደግሞ?»

«ሠላሳ ሁለት ጥንድ።»

«አብደሃል?»

አነበበችው። ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን ፊደላት በሰው ስም እየጠራን፣ ቁጥሩን እየደጋገምን፣ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ተሳስተን እንደገና ጀምረን ጨረስነው። ፋይሉ መንገድ ላይ ቢቀየር ኖሮ አሻራው አይገጥምም ነበር። ዋሱ የማውቀው ድምጿ ሆነ።

ለእህቴ ይህን አደረግሁ፤ ለአክስቶቼና ለልጆቻቸው ሁሉ ግን ላደርገው አልችልም፣ ማድረግም የለብኝም። እጅህ የማይደርስበት ሰው የሚገባበት ሰርቨር ከሆነ የራስህን ሥር ተወውና የታወቀ ዋስ ፈልግ፤ ፍርዴ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ሥራ የጀመረው ሌትስ ኢንክሪፕት ያለ ክፍያ ይፈርማል። ለቤት ሰርቨር የሚፈልገው የእውነት ዶሜን ነው፤ «192.168» ብሎ ለሚጀምር የቤት አድራሻ ማንም የታወቀ ዋስ አይፈርምም። ዶሜኑ ካለ ሰርቨሩ ለዓለም ሳይከፈት በዶሜኑ የስም መዝገብ በኩል ብቻ ባለቤትነትን ማስመስከር ይቻላል። የዶሜኑ ክፍያ በዶላር ስለሆነ እህቴ ትከፍላለች። ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ በዚህ መንገድ የተፈረመ ስም ሁሉ ማንም በሚያነበው የአደባባይ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ስለዚህ ሰርቨራችሁን «የአባባ ካሜራ» ብላችሁ አትሰይሙት። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ቢበዛ 90 ቀን ነው የሚቆየው፤ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2029 ጀምሮ የታወቁ ዋሶች የሚሰጡት ሁሉ ከ47 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል። በራሱ የሚያድስ ፕሮግራም የግድ ነው፤ ኢንተርኔት ለሳምንታት በጠፋበት ወቅት ግን እሱም አይረዳም። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ የቤት ውስጡ ሥር ይበልጠዋል።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ስልኳን ይዛ መጣች። ቀይ ገጽ ነው፤ የሆነ የዜና ድረ ገጽ።

«አላለፍኩትም» አለችኝ። «የእኛ ቤት እንዲህ አይልማ።»

ሥር ቁልፉ ያለበት ፍላሽ ከቤቱ ካርታ ጋር እማዬ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የሰርቨሩ ሰርተፊኬት በሚቀጥለው ሰኔ ያበቃል፤ ቀኑ ማቀዝቀዣው በር ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ተለጥፏል።